ወደፊቱን እያወቀች እጇን ዘረጋች

አንድ ትዕይንት አለ፤ ካነበብኩት ወዲህ አልለቅ ብሎኛል። አንዲት ሴት መደብር ውስጥ ቆማ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ የሰላጣ ጎድጓዳ ሳህን ታያለች። ስታየው ከዓመታት በኋላ የሚሆነው ነገር ትዝ ይላታል። ገና ያልተወለደች ልጇ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጫፍ የተንጠለጠለ ፎጣ ትጎትታለች፤ ሳህኑም አብሮ ተስቦ ይወድቅባታል። እናት ልትቀልበው ትወረወራለች፤ አትደርስም። የሳህኑ ጠርዝ የልጅቷን ግንባር ከላይ በኩል ይፈነክተዋል፤ አንድ ስፌት ያስፈልገዋል። ሴትየዋ ይህን ሁሉ እያወቀች እጇን ትዘረጋና ሳህኑን ታነሳዋለች።

ታሪኩ ቴድ ቺያንግ እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተመው «ስቶሪ ኦፍ ዩር ላይፍ» ነው፤ ሴትየዋም የቋንቋ ምሁሯ ሉዊዝ ባንክስ ናት። ሳህኑን ስታነሳ ሌላ ኃይል እጇን እንደያዘው አልተሰማትም። ሳህኑ በሚወድቅበት ቀን ለመቅለብ የሚያስወረውራት ግፊት ነው ያኔም የተሰማት፤ ብትከተለው ተገቢ የሆነ ግፊት። የማይለቀኝም ይኸው ነው። ሳህኑን አለማንሳት ትችል ነበር? አትችልም ካልን፣ ያነሳው ማን ነው? ትችላለች ካልን ደግሞ፣ ያየችው ነገር ወደፊት አልነበረም ማለት ነው።

ስለ ንቃተ ህሊናና ስለ ነጻ ፈቃድ የተጻፉ ጥብቅ ሳይንሳዊ ልብ ወለዶችን (ከታወቀው ሳይንስ ሳይርቁ የሚጻፉትን) የምመዝናቸው በዚህ ትዕይንት ነው። ብዙዎቻችን ሁለቱን ጉዳዮች አንድ ላይ ጠቅልለን እንይዛቸዋለን፤ የሚያውቅ ይመርጣል፣ የሚመርጥም ያውቃል እንላለን። የዚህ ዘርፍ ብርቱ ደራሲዎች ግን ይነጣጥሏቸዋል። ቺያንግ ማወቅን ሳይነካ መምረጥን ይወስዳል። ፒተር ዋትስ ማወቅን ነቅሎ ችሎታን ይተዋል። ግሬግ ኢጋን ሁለቱንም ባሉበት ትቶ ፍላጎትን ራሱን ይቀይራል። የትኛው የትኛውን ተሸክሞ እንደኖረ የሚታየው አንዱ ሲነሳ ነው።

## ብርሃን መድረሻውን ያውቃል?

የሉዊዝ ወደፊትን ማየት ከየትም የመጣ ተአምር አይደለም። ቺያንግ የቀየረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሌላ ዓለም የመጡት ፍጡራን ሲጽፉ የመጀመሪያው ጭረት ከብዙ ሐረጎች ጋር ስለሚያያዝ፣ ጸሐፊው ብዕሩን ከማሳረፉ በፊት መላው ሐሳብ የት እንደሚያልቅ ማወቅ አለበት። ሉዊዝ ይህን ጽሑፍ እየለመደች ስትሄድ አስተሳሰቧም በዚያው ይቀረጻል። የቀረው ሁሉ የምናውቀው ፊዚክስ ነው።

ፊዚክሱ የፌርማ መርህ ነው። ብርሃን በአየር ውስጥ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ወደ 225,000 ይወርዳል። አየር ላይ ካለ ነጥብ ተነስቶ ውሃ ውስጥ ወዳለ ነጥብ በቀጥታ ቢሄድ ርቀቱ ያጥርለታል፤ ግን በዘገምተኛው ውሃ ውስጥ ብዙ ይቆያል። የውሃውን ክፍል እስከ መጨረሻው ላሳጥር ቢል ደግሞ አየር ላይ ያለው መንገድ ይረዝምበታል። ብርሃን የሚይዘው በሁለቱ መካከል ያለውን፣ ጊዜው ከሁሉም የሚያንሰውን መንገድ ነው። ፒየር ደ ፌርማ ይህን ያስቀመጠው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቢሆንም ጥያቄው ዛሬም ይቆረቁራል፤ ብርሃኑ የት እንደሚደርስ ሳያውቅ የትኛው መንገድ ፈጣን እንደሆነ በምን ያውቃል?

ይህንኑ ክስተት በሁለት መንገድ ማስላት ይቻላል። በአንዱ ስሌት ብርሃኑ የውሃው ገጽ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ስለሚለወጥ ይታጠፋል፤ ምክንያት ይቀድማል፣ ውጤት ይከተላል። በሌላው መነሻውና መድረሻው አንድ ላይ ተሰጥተው መንገዱ በመካከላቸው ይወሰናል። ሁለቱም የሚያወጡት ማዕዘን አንድ ነው፤ ትክክለኛው ይኼኛው ነው ብሎ የሚፈርድ ሙከራ የለም። እኛ ዓለምን በፊተኛው እናያለን፣ እነዚያ ፍጡራን በኋለኛው። ሉዊዝ ከሁለቱ መካከል ገባች። «መተው ትችል ነበር?» የሚለው ጥያቄ እግር የሚኖረው በፊተኛው አተያይ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ላይ ይህ ከጥያቄው ማምለጫ መስሎኝ ነበር ለማለት ይዳዳኛል፤ ግን ቺያንግ እዚያ ላይ አይቆምም። የሚነገረውን ሁሉም አስቀድሞ እያወቀው መነገሩ የግድ የሆነ ንግግር መኖሩን ያነሳል። ጋብቻ የሚያስፈጽመው ሰው «ባልና ሚስት ናችሁ» እንደሚል ታዳሚው በሙሉ ያውቃል፤ እስኪባል ድረስ ግን ጋብቻው አልተፈጸመም። የሉዊዝ ልጅም በልቧ የያዘችውን ተረት እናቷ አንዲት ቃል ሳትለውጥ እንድታነብላት ትፈልጋለች። ካወቅሽው ለምን አነብልሻለሁ ብትባል መልሷ መስማት ስለምፈልግ ነው። ፍጡራኑ ሕይወታቸውን የሚኖሩት እንዲህ ነው። የሚሆነውን ያውቁታል፣ እንዲሆንም ያደርጉታል።

ከዚህ ታሪክ የተሠራውን የ2016ቱን «አራይቫል» ፊልም ብቻ ያየ ሰው የጥያቄውን ስለት አላገኘውም። በፊልሙ ልጅቷ የምትሞተው በማይድን በሽታ ነው፤ እናት ብታውቅም የምታድነው ነገር የለም። በድርሰቱ ግን የምትሞተው በ25 ዓመቷ፣ ገደል ስትወጣ በደረሰባት አደጋ ነው። «ዛሬ አትሂጂ» የሚል አንድ ቃል ያተርፋት ነበር። አንባቢን እንቅልፍ የሚነሳው ያ ያልተነገረ ቃል ነው፤ በበሽታ ሲተካ ጥያቄው ወደ ሐዘን ይለወጣል። ሐዘኑ ደግሞ የሚያምር ነው፤ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ቺያንግ ራሱ በ2005 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ባወጣው የጥቂት አንቀጽ ታሪክ ተቃራኒውን መደምደሚያ ጽፏል። እዚያ ያለው አንድ ቁልፍና አንድ አረንጓዴ መብራት ያለው ትንሽ መሣሪያ ነው። ቁልፉን ከመጫናችሁ አንድ ሰከንድ ቀድሞ መብራቱ ይበራል። ልታታልሉት ብትሞክሩ፣ ሳይበራ ልቅደም ብትሉ፣ በርቶ ልተወው ብትሉ፣ አይሆንም። ታሪኩ ውስጥ በመሣሪያው ከተጫወቱት ሰዎች ሲሶ ያህሉ ነቅተው እያዩ ምንም ማድረግ ያቆማሉ፤ ምግብ እንኳ በራሳቸው አይበሉም።

ልዩነቱ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ሉዊዝ ዕድሜዋን ሙሉ አውቃ መኖሯን ትቀጥላለች፤ እነዚህ አንዲት ሰከንድ አውቀው ይሽመደመዳሉ። እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፦ መብራቱ «ትጫናለህ» ይላል እንጂ ለምን እንደምትጫን አይነግርም፤ ቁልፉንም ለመጫን ምንም ምክንያት የለም። ሉዊዝ ግን ሳህኑ ከተገዛበት ቀን እስከሚወድቅበት ቀን፣ ከዚያም በኋላ ያለው ሕይወት ሁሉ አላት። እጇን የሚዘረጋው እሱ ነው።

## 350 ሚሊሰከንድ

ምክንያት የሌለው እጅ ሲነሳ የነርቭ ሳይንቲስቱን ቤንጃሚን ሊቤትን ማለፍ አይቻልም። የዚህ ዘርፍ ደራሲዎች እየደጋገሙ የሚመዙት የ1983 ሙከራው ነው፤ ስለዚህ በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል። ተሳታፊው በ2.56 ሰከንድ አንድ ዙር የምትዞር ነጥብ ያለችበት የሰዓት ገጽ ፊት ይቀመጣል። በፈለገው ቅጽበት የእጁን አንጓ ያጥፋል። ከዚያም «ላጥፍ» የሚለው ስሜት የመጣው ነጥቧ የት ላይ ስትደርስ እንደነበር ይናገራል። የራስ ቅሉ ላይ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚለኩ የኢኢጂ ሽቦዎች ተለጥፈዋል። የአንድ ጊዜ ምልክት በአንጎል ጫጫታ ስለሚዋጥ 40 ያህል ሙከራዎች ተደምረው አማካያቸው ይወሰዳል።

በአማካዩ ላይ የሚታየው የዝግጁነት ሞገድ ይባላል፤ ጀርመናውያኑ ኮርንሁበርና ዴኬ በ1965 ያሳወቁት ነው። በሊቤት ሙከራ ሞገዱ መነሳት የሚጀምረው ከእንቅስቃሴው 550 ሚሊሰከንድ ያህል ቀድሞ ሲሆን ተሳታፊዎቹ ፍላጎቱ የመጣበት ነው የሚሉት ጊዜ ግን 200 ሚሊሰከንድ ሲቀር ነው። በመካከል 350 ሚሊሰከንድ አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አንጎል ሥራውን ከጀመረ በኋላ ንቃተ ህሊና ደርሶ «እኔ ወሰንኩ» ይላል የሚለው አነጋገር የመጣው ከዚህ ነው። ሊቤት ራሱ ያን ያህል አልሄደም፤ በቀረችው አጭር ጊዜ ህሊና ድርጊቱን መከልከል ይችላል ብሎ ነበር።

ደራሲዎች የሚሳሳቱት ቁጥሩን ወስደው አለካኩን ሲተዉት ነው። አማካዩ የሚሰላው ከእንቅስቃሴው ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው፤ ወደ ስሌቱ የሚገባውም በእንቅስቃሴ ያለቀ ሙከራ ብቻ ነው። በ2012 አሮን ሹርገር፣ ጃኮቦ ሲትና ስታኒስላስ ደሃን ያሳዩት ነገር ይህንን ነካው። የአንጎል እንቅስቃሴ ያለ ምክንያት ከፍ ዝቅ ይላል። ተሳታፊው «በፈለግህ ጊዜ» ሲባል፣ ያ መዋዠቅ እንዳጋጣሚ ከአንድ መጠን ባለፈበት ሰዓት እጁን ያጥፋል። ከዚያ ነጥብ ወደ ኋላ አማካይ ብታወጡ ቀስ ብሎ የሚወጣ ሞገድ ማግኘታችሁ አይቀርም። እንግዲህ የሞገዱ መነሻ የተደበቀ ውሳኔ መሆኑ ቀርቶ ገና ውሳኔ ያልሆነ መዋዠቅ ሊሆን ይችላል።

የ2008ቱም ጥናት እንዲሁ ይጠቀሳል፤ ሳይንቲስቶች ውሳኔን እስከ 10 ሰከንድ ቀድመው አነበቡ ይባላል። ተሳታፊው ቀኝ ወይም ግራ ቁልፍ ይጫናል፣ የአንጎሉ ምስል ይወሰዳል። ትንበያው ትክክል የሆነው 60 በመቶ አካባቢ ነው፤ ሳንቲም ቢወረወርም 50 በመቶ ይገኛል። ልብ ወለድ ውስጥ 10ሩ ሰከንድ ተጠቅሶ 60ው ሲዘለል ካያችሁ ደራሲው ጥናቱን በወሬ ነው የሚያውቀው።

ለሳህኑ ትዕይንት ከሁሉ በላይ የሚጠጋው ግን ዑሪ ማኦዝና ባልደረቦቹ በ2019 ያወጡት ነው። ተሳታፊዎቹ ለየትኛው ድርጅት ገንዘብ ይሰጥ ብለው እንዲመርጡ ተደረገ። አንዳንዴ ምርጫቸው ለውጥ አያመጣም፤ አንዳንዴ የእውነት ገንዘቡን ይወስናል። በዘፈቀደው ምርጫ የዝግጁነት ሞገዱ እንደ ወትሮው ታየ። ቁም ነገር በነበረበት ምርጫ ግን ሞገዱ ወይ ጠፋ ወይ እጅግ ደከመ። ሊቤት የለካው አንጓ የታጠፈው ለምንም ነገር አልነበረም። ያን ወስዶ ስለ ሉዊዝ እጅ መፍረድ አይቻልም።

## ሳያውቅ የሚመልሰው

የፒተር ዋትስ «ብላይንድሳይት» (2006) ሌላኛውን ነገር ይነቅላል። ዋትስ የባሕር ሥነ ሕይወት ተመራማሪ የነበረ ካናዳዊ ነው፤ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ከመቶ በላይ ጥናቶችን እየጠቀሰ የትኛው ሐሳብ ከየት እንደመጣ ያስረዳል። በ2082 ከጠፈር የመጡ 65,536 መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ምድርን ከበው ከባቢ አየር ላይ ይቃጠላሉ። ቴሲየስ የምትባል መርከብ ምንጩን ፍለጋ ሄዳ ሮርሻክ የሚሉትን ግዙፍ አካል ታገኛለች።

ሮርሻክ ይናገራል። የሰው ልጆችን የሬዲዮ ልውውጥ ሲያደምጥ ቆይቶ ቋንቋውን ይዟል፤ ሰላምታ ይሰጣል፣ አትቅረቡ ብሎ ያስጠነቅቃል። የመርከቧ የቋንቋ ባለሙያ ሱዛን ጄምስ በአንድ አንጎል ውስጥ አራት ሰብዕናዎች ሆና ትኖራለች፤ ሥራውንም ተካፍለውታል። ጥያቄ ሲቀርብለት የሮርሻክ መልስ ሰዋስው አይጎድለውም፤ ብቻ ከጥያቄው ጎን ያልፋል። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት እንዳለችው። በቅሎዋ ግን የምትሸሸው የምትደብቀው ስላላት ነው፤ ሮርሻክ የሚደብቀው የለውም። ከአራቱ አንዷ ሳሻ ያን የምትረዳው ስትሰድበው ነው፤ ጸያፍ ስድብ ታወርድበትና ውስጥ የሚሰማ እንደሌለ ለሌሎቹ ታስረዳለች። ይህ ፈላስፋው ጆን ሰርል በ1980 ያቀረበው «የቻይንኛው ክፍል» የሚባለው ምሳሌ ነው፤ ቻይንኛ የማያውቅ ሰው በር ዘግቶ የሚገቡለትን ምልክቶች በመመሪያ ደብተር እያየ ትክክለኛ መልስ ያወጣል፤ ውጭ ያሉት የሚረዳቸው ሰው ያገኙ ይመስላቸዋል።

የመጽሐፉ ስም ከእውነተኛ ሕመም የተወሰደ ነው። ከአንጎል ኋላ ያለው ዋናው የእይታ ክፍል ሲጎዳ ሰው በዚያ በኩል ምንም አላይም ይላል፤ ዓይኑ ግን ጤነኛ ነው። «ዝም ብለህ ገምት» ሲባል ብርሃኑ የት እንዳለ፣ ወዴት እንደሚንቀሳቀስ ከአጋጣሚ እጅግ በላቀ መጠን ይመታል። ላሪ ዋይስክራንትዝና ባልደረቦቹ በ1974 ስም አውጥተው የጻፉት ይህንን ነው። በ2008 ደግሞ የሁለቱም ወገን የእይታ ክፍሉ የጠፋበት ሰው ዕቃ በተደረደረበት ኮሪደር ምንም ሳይነካ ሲያልፍ ታይቷል። መረጃው አለ፣ እግሩ ይታዘዘዋል፣ «አየሁ» የሚል ግን የለም።

ዋትስ ከዚህ ተነስቶ ስክራምብለር የሚላቸውን ፍጡራን ይሠራል፤ ብልህ ናቸው፣ ንቃተ ህሊና የላቸውም። የዓይናችን ብሌን በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ከቦታ ቦታ ትዘላለች፤ በዚያች በጥቂት አሥር ሚሊሰከንዶች በምትቆጠር ዝላይ አንጎል እይታን ያፍነዋል። ስክራምብለሮቹ የሰውን የነርቭ እንቅስቃሴ እያነበቡ በዚያች ክፍተት ብቻ ይንቀሳቀሳሉ፤ ፊት ለፊት ቆመው አይታዩም። ከዚህ የሚብሰው የጠባቸው ምክንያት ነው። የሰው ልጅ ወደ ጠፈር የሚለቀው ንግግር «እኔ»፣ «ተሰማኝ»፣ «ወደድኩ» የበዛበት ነው። «እኔ» የሚል ስሜት ለሌለው አእምሮ ይህ ሊፈታ የማይችል፣ ፈቺውን በከንቱ የሚያደክም ምልክት ነው። ስለዚህ ጥቃት አድርጎ ይወስደዋል፤ ይመልሳልም። ስለ ህሊና ከተጻፉ ልብ ወለዶች ይህን የሚያህል ቀዝቃዛ ሐሳብ አላጋጠመኝም።

ሆኖም መጽሐፉ የቆመበት ክርክር ላይ ከዋትስ ጋር አልስማማም። ንቃተ ህሊና ዘገምተኛና ውድ ነው ይላል፤ እሺ። ስለዚህ ትርፍ ነው ይላል፤ እዚህ ላይ የራሱ ርዕስ ይቃወመዋል። እነዚያ ታማሚዎች የሚመቱት ገምቱ ሲባሉ ነው። በማያዩት ወገን ስላለው ነገር በራሳቸው ተነሳሽነት አያወሩም፣ ዕቅድም አያወጡበትም። ኮሪደሩን ያለፈው ሰው እንኳ እለፍ ተብሎ ነው። መረጃ ያለ ህሊና እግርን ሊመራ ይችላል፤ «ተነስቼ ልሂድ» የሚለው ግን ከዚያ አልመጣም። ይህ ህሊና አስፈላጊ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ዋትስ ግን አላስፈላጊነቱን ከዚህ ሕመም ማውጣት አይችልም።

## ፍላጎቱን ማን ተከለው?

ሉዊዝ ያነሳችው ሳህን የእሷ ድርጊት የሆነው ከፍላጎቷና ከሕይወቷ ስለፈለቀ ነው ብለናል። አውስትራሊያዊው ግሬግ ኢጋን ተነስቶ የሚመታው ይህችኑ መልስ ነው። በ1992 ባወጣው «ኳራንቲን» ሰዎች የአንጎል ሴሎቻቸውን ትስስር የሚቀይር ፕሮግራም ገዝተው ይጭናሉ። ባለታሪኩ ኒክ የግል መርማሪ ነው። አንድ ድርጅት ይይዘውና የታማኝነት ፕሮግራም ይጭንበታል። ኒክ የተደረገበትን በዝርዝር ያውቃል፤ ማስታወሱም ማሰቡም አልተነካም። ማስወገድ ግን አይፈልግም፤ ምክንያቱም የተለወጠው መፈለጉ ራሱ ነው። በዓለም ላይ ከምንም በላይ የሚወደው ያን ድርጅት ነው፤ ስሜቱም እውነተኛ ነው።

ኢጋን ከዚህ የሚያወጣው መውጫ የጀግና ቁጣ አይደለም። እንደ ኒክ የተደረገባቸው ሰዎች ተሰብስበው ያስባሉ። ፕሮግራሙ ለድርጅቱ ታማኝ ሁኑ ይላል፤ ድርጅቱ ምን እንደሆነ ግን አይነግርም። አለቆቹ ደግሞ እርስ በርስ የሚጣረስ የግል ጥቅም አላቸው። ታዲያ የድርጅቱን እውነተኛ ዓላማ ለመተርጎም ከፍጹም ታማኞቹ የተሻለ ማን ይገኛል? እንዲህ እያሉ ራሳቸውን የድርጅቱ ትርጉም ያደርጋሉ። አንድም ሰው ታማኝነቱን አላጎደለም፣ አንድም ሰው አልዋሸም። ከተተከለባቸው ፍላጎት ሳይወጡ በውስጡ ቦታ አገኙ። ነጻ ፈቃድን በተግባር ሲሠራ የሚያሳይ ከዚህ የጠራ ምዕራፍ አላውቅም።

የመጽሐፉ ሁለተኛ አጋማሽ በኳንተም ፊዚክስ ላይ ይቆማል። ብዙ ደካማ ልብ ወለዶች የሚወድቁበት ጉድጓድም እዚያው ነው። «አቶም አስቀድሞ አይወሰንም፣ ስለዚህ ሰው ነጻ ነው» ይላሉ። ውሳኔዬ በአንድ አቶም ዕጣ ከተወሰነ፣ በጥርስ መዘውር ከተወሰነው ይልቅ የእኔ የሚሆንበት ምክንያት የለም። ኢጋን ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ኳንተሙን የሚያመጣው ሰውን ነጻ ሊያወጣ አይደለም፤ ከብዙ ሊሆኑ ከሚችሉ «እኔ»ዎች አንዱ ሲቀር የሌሎቹ ዕጣ ምን ይሆናል ብሎ ለመጠየቅ ነው።

በ1994 የወጣው «ፐርሙቴሽን ሲቲ» ደግሞ አእምሮን ወደ ኮምፒዩተር ይገለብጣል። ሒሳቡ ከባድ ስለሆነ ቅጂዎቹ በተሻለው ማሽን እንኳ ከእውነተኛው ጊዜ 17 እጥፍ ዘግይተው ይኖራሉ፤ ይህ ዝርዝር ብቻውን ኑሯቸውን፣ ሀብታቸውንና ብቸኝነታቸውን ይወስነዋል። ፖል ዱራም በራሱ ቅጂ ላይ የሚያደርገው ሙከራ አለ፤ ቅጂው ከአንድ እስከ አሥር ሲቆጥር የስሌቱ ቅጽበቶች ቅደም ተከተላቸው ተዘበራርቆ ይሰላሉ። ቅጂው ግን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ያለ ምንም መቆራረጥ ይቆጥራል። ከዚያ ተነስቶ የሚገነባው ትልቅ ንድፈ ሐሳብ አያሳምነኝም፤ ሙከራው ራሱ ግን «አሁን» የምንለው ስሜት ምን ላይ እንደቆመ ያናውጣል።

በዚያው መጽሐፍ ፒር የሚባል ቅጂ አለ። ዘላለማዊነት እንዳይሰለቸው ፍላጎቱን አልፎ አልፎ በዕጣ የሚቀይር ፕሮግራም አዘጋጅቷል። አንድ ዘመን የጠረጴዛ እግር መሥራት ይደርሰዋል፤ መጠረቢያው ፊት ቆሞ ሺህ በሺህ ያመርታል፣ በእያንዳንዱም ከልቡ ይደሰታል። ደስታውን በዕጣ እንዳገኘው ያውቃል። ይህ ግድ አይሰጠውም፤ ግድ እንዳይሰጠው የወሰነውም እሱ ራሱ ነው። ከኒክ የሚለየው በዚህ ብቻ ነው፤ ልዩነቱ በቂ ነው አይደለም የሚለውን እስካሁን አልቆረጥኩም።

ያው ደራሲ በ1997 «ሪዝንስ ቱ ቢ ቺርፉል» በሚለው አጭር ታሪክ ጥያቄውን እጃችን ላይ ያስቀምጠዋል። ልጁ ማርክ አንጎሉ ውስጥ ያለ ዕጢ ደስታ የሚሰጥ ንጥረ ነገር ስለሚያመነጭ እየሞተም ደስተኛ ነው። ሕክምናው ዕጢውን ሲያጠፋ የመደሰት ችሎታውንም ይዞበት ይሄዳል። ካደገ በኋላ ከ4,000 ሟቾች አንጎል በተቀዳ ንድፍ የተሠራ ምትክ ይገባለታል። ችግሩ ከዚያ ይጀምራል፤ አራት ሺህ ሰው የወደደውን ሁሉ ይወዳል፣ ስለዚህ የትኛውም ሙዚቃ፣ የትኛውም ሥዕል እኩል ያስደስተዋል። ሐኪሞቹ ማስተካከያውን ለእሱ ይሰጡታል። ምን ያህል ልውደደው ብሎ በየዕለቱ ራሱ ይወስናል። ለመወሰን የሚያስፈልገው መውደድ ግን ገና አልተሠራም። ማርክ የሚጀምረው ከምን ተነስቶ ነው? ኢጋን መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አይሰጥም፤ ልጁን ሥራ ያስይዘዋል፣ ሰው ያስተዋውቀዋል፣ ሲሳሳት ያሳየናል።

## ከየት ይጀመር?

አዲስ አንባቢ በ«ብላይንድሳይት» አይጀምር፤ ዋትስ ሳያብራራ ይሮጣል፣ የመጀመሪያው ሲሶ ብዙዎችን ያስጥላል። መጀመሪያ የቺያንግን የሳህን ታሪክ አንብቡ፤ ሁለት ጊዜ፣ በሁለተኛው ደግሞ የኃላፊና የትንቢት ግሦቹን እየተከታተላችሁ። ስለ ልጇ ስታወራ የምትጠቀመው የትንቢት ግሥ ነው፣ ያለፈ ትዝታም አስመስላ ትነግረዋለች፤ የታሪኩ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እዚያ ሰዋስው ውስጥ ነው። ቀጥሎ የማርክን ታሪክ፣ ከዚያ «ኳራንቲን»ን። «ፐርሙቴሽን ሲቲ» ሁለተኛ ክፍሉ ላይ ይጎተታል፤ የዱራምንና የፒርን ምዕራፎች ብቻ መርጦ ማንበብም ነውር የለውም።

«ብላይንድሳይት» ላይ ስትደርሱ የመጨረሻዎቹን ማስታወሻዎች አስቀድማችሁ አትክፈቱ፤ የታሪኩን ቋጠሮ ይፈታሉ። ዋትስ መጽሐፉን በነጻ ኢንተርኔት ላይ ለቆታል። ባለታሪኩ ሲሪ በልጅነቱ የሚጥል በሽታ ስለነበረበት ግማሽ አንጎሉ ወጥቷል፤ ሌሎች የሚያስቡትን ሳይረዳው ማስተላለፍ ሥራው ነው። ስለዚህ ትረካውን ስታምኑ ተጠንቀቁ፤ ሰው ምን እንደተሰማው ሲነግራችሁ ከምን ተነስቶ እንዳወቀ ፈልጉ። በ2014 የወጣው ተከታዩ «ኢኮፕራክሲያ» ከህሊና ይልቅ ወደ ነጻ ፈቃድ ያዘነብላል፤ ስሙም የሌላውን እንቅስቃሴ ሳይፈልጉ መኮረጅ ማለት ነው። ሥነ ሕይወት ተመራማሪው ዳንኤል ብሩክስ በእያንዳንዱ ምዕራፍ የሚወስነውን ነገር፣ ከጎኑም ያ ውሳኔ ማንን እንደጠቀመ በአንድ ወረቀት ላይ እየጻፋችሁ ሂዱ፤ መጽሐፉ ከመጋመሱ በፊት በሁለተኛው ዓምድ ማን እየተደጋገመ እንደመጣ ታያላችሁ።